የሰልፉ መጨረሻ ማን ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት፥ በሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 የክበባችን አባሎች በዚህ ሳምንት የደከሙበትን ሥራ አሳይተዋል፤ አንዱ በባትሪ የሚሄድ መኪና፥ ሌላው የውሃ ማጣሪያ አቅርቧል። እኔ ግን የማቀርበው የተሳካልኝን ሥራ ሳይሆን የተሳሳትሁትን ነው። ስሕተቴን እንዴት እንዳገኘሁትና ምን እንዳስተማረኝ ለመግለጽ እሞክራለሁ። ነገሩ ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ቢሆንም፥ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ሊከታተለው በሚችል መንገድ እናገራለሁ። ያልገባው ሰው ቢኖር ጥፋቱ የተናጋሪው እንጂ የሰሚው አይደለም።

ሰንሰለታዊ ዝርዝር ምንድን ነው?

ከመካከላችን መገናኛ ላይ ለታክሲ ያልተሰለፈ የለም። አንድ ሰው ወደ ሰልፉ ሲመጣ ከመጀመሪያው ጀምሮ አይቆጥርም። «መጨረሻው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ «እኔ ነኝ» ካለው ሰው ኋላ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ከማን ቀጥሎ እንደ ቆመ ነው። ሰልፉ በሙሉ በማንም ሰው ራስ ውስጥ የለም። እያንዳንዱ የያዘው አንዲት ቍራጭ ዕውቀት ናት፤ ቍራጮቹ ሲቀጣጠሉ ግን ሰልፍ ይሆናሉ።

ሌላ ምሳሌ ከስማችን እናገኛለን። የእኛ አገር ሰው የራሱንና የአባቱን ስም ይይዛል። አያቱን ለማወቅ የፈለገ ወደ አባቱ ይሄዳል፤ አባትየው ደግሞ የአባቱን ስም ይዟል። ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሰባት ቤት ድረስ ሲቆጥሩ የሚወጡት በዚሁ መሰላል ነው። ከመካከል አንድ ስም ቢረሳ፥ ከእርሱ በላይ ያሉት ሁሉ ኖረው ያለፉ ሰዎች ቢሆኑም ለቆጣሪው እንዳልነበሩ ይሆናሉ። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርታችንም ማቴዎስ ትውልዱን ከአብርሃም ወደ ታች፥ ሉቃስ ደግሞ ወደ ላይ እስከ አዳም እንደሚቆጥር ተምረናል። ከአባት ወደ ልጅ ወይም ከልጅ ወደ አባት መሄድ ይቻላል፤ በኮምፒውተርም በአንድ አቅጣጫ የሚሄድና በሁለት አቅጣጫ የሚሄድ ሰንሰለት አለ። የእኔ በአንድ አቅጣጫ የሚሄደው ነው።

ይህን ዓይነት አደራደር በኮምፒውተር ውስጥ ያስገቡት አለን ኒውዌል፥ ክሊፍ ሾውና ኸርበርት ሳይመን የሚባሉ ሦስት አሜሪካውያን ናቸው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1955 እና 1956 ነበረ። ጥቅሙ እንዲህ ነው። ሰዎች ቍጥር በተጻፈባቸው ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ሳለ አንዱ ከመካከል ቢነሣ፥ ክፍተቱን ለመሙላት ከእርሱ በኋላ ያሉት ሁሉ አንዳንድ ወንበር መጠጋት አለባቸው። በሰንሰለት ግን ማንም አይንቀሳቀስም፤ ከተነሣው በፊት ያለው ሰው ብቻ «ከእኔ ቀጥሎ ያለው እገሌ ነው» የሚለውን ቃሉን ይለውጣል።

የጻፍሁበት ቋንቋ ጃቫ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ የቀረበ ነው። ጃቫ መረጃንና በመረጃው ላይ የሚሠራውን ተግባር በአንድ ዕቃ ውስጥ አጣምሮ ይይዛል። ይህ አሳብ በሰፊው የተዘረጋው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሙላ 67 በሚባለው ቋንቋ ሲሆን፥ አሳቢዎቹ ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ የተባሉ ኖርዌያውያን ናቸው። እኔም ሁለት ዓይነት ዕቃ ሠራሁ። አንደኛውን «ተራኛ» አልሁት፤ ስሙንና «ቀጣይ» የሚባል ጠቋሚ ይይዛል። ሁለተኛውን «ሰልፍ» አልሁት፤ የመጀመሪያውን ተራኛ የሚያሳይ «መሪ»፥ የኋለኛውን የሚያሳይ «መጨረሻ»፥ እንዲሁም «ቍጥር» አሉት። እነዚህን ስሞች በፊደላችን የጻፍሁት ለጌጥ አይደለም፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ ጃቫ ይቀበለዋል፤ ለእኔም ማሰብ ይቀለኛል።

ነገሩ እንዴት ተነሣ?

በቤተ መጻሕፍታችን ሁሉም የሚፈልገው አንድ የፊዚክስ ማጣቀሻ መጽሐፍ አለ። ቅጂው አንድ ብቻ ሲሆን ለሁለት ለሁለት ቀን ይሰጣል። ቀድሞ ተራው በደብተር ይጻፍ ነበርና ስርዝ ድልዙ ብዙ ክርክር ያመጣ ነበር። እኔም ክርክሩን የሚያስቀር ፕሮግራም እጽፋለሁ ብዬ ተነሣሁ። የሚመዘገብ ተማሪ ከሰልፉ መጨረሻ ይጨመራል፤ መጽሐፉ ሲመለስ መሪው ይወስዳል፤ ሐሳቡን የለወጠ ደግሞ በስሙ ይሰረዛል። ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ ተራው የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት እሰጠዋለሁ። ፕሮግራሙ በፋይል መዝግቦ የማስቀመጥ ችሎታ ገና ስላልነበረው፥ የክበቡን ላፕቶፕ ሳናጠፋ ክዳኑን ብቻ እየዘጋን እናሳድረው ነበር። ከሥራው በፊት ፈትኜዋለሁ፤ የመጀመሪያውን ሰረዝሁ፥ ደኅና ሆነ፤ ከመካከል ሦስተኛውን ሰረዝሁ፥ ደኅና ሆነ። ከዚያም በጓደኞቼ ፊት «ከእንግዲህ ክርክር የለም፤ ኮምፒውተር አይሳሳትም» አልሁ። ይህን ቃል ዛሬ ሳስታውሰው አፍራለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ሰባት ተማሪዎች ተመዘገቡ። ሰባተኛው ወዲያው መጽሐፉን ከወንድሙ ስላገኘ «ስሜን ሰርዙልኝ» ብሎ ሄደ። ቀጥላ አንዲት እኅታችን መጣች፤ በስድስቱ ላይ ተጨምራ ሰባተኛ ሆነችና 7 የሚል ወረቀት ሰጠኋት። ከእርስዋ በኋላ ሁለት ልጆች ተመዝግበው 8 እና 9 ሆኑ። መጽሐፉ በየሁለት ቀኑ እየተመለሰ ለስድስቱ በተራ ደረሰ። በ14ኛው ቀን ተመልሶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ «ሰልፉ ባዶ ነው» አለ። በዚያው ጧት አንድ ልጅ መጥቶ ተመዘገበ፤ መሪ ሆነ፤ መጽሐፉንም ይዞ ሄደ።

እኅታችን መጽሐፉን በዚያ ልጅ እጅ አይታ ወደ እኔ መጣች። የሞዴል ፈተናው ሊሰጥ ሁለት ቀን ቀርቶታል። እኔም ኮምፒውተሩን አየሁና «ምናልባት ሳትመዘገቢ ቀርተሽ ይሆናል» አልኋት። እርስዋ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ወረቀቷን ከጠረጴዛው ላይ አኖረችና «ይህን 7 የጻፍኸው አንተ ነህ። እኔ ካልተመዘገብሁ ይህ የማን ተራ ነው? ኮምፒውተሩ ባያውቀኝ እንኳ አንተ ታውቀኝ የለም ወይ?» አለችኝ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ክፍል ተምረናል። የምመልሰው አጣሁ።

ስሕተቱን ፍለጋ

በዚያ ማታ የሠራሁት ሥራ ስሕተት ፍለጋ ሊባል አይገባውም። በመጀመሪያ የጠረጠርሁት ፊደሉን ነበር። እኛ ሀን ከሐና ከኀ፥ ሰን ከሠ፥ አን ከዐ፥ ጸን ከፀ ሳንለይ እናነባለን፤ ኮምፒውተር ግን እያንዳንዱን በተለየ ቍጥር ያውቀዋል። «ዓለም» ብሎ የተመዘገበን ሰው «አለም» ብሎ የሚፈልግ አያገኘውም። የእኅታችንንም ስም በሚቻለው አጻጻፍ ሁሉ ፈለግሁት፤ አልተገኘም። ከዚያ ወዲያ ያለ አሳብ አንዱን መስመር እለውጣለሁ፥ ሌላውን እሰርዛለሁ፤ በመጨረሻ ደኅና ይሠራ የነበረውንም አበላሸሁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነብኝ።

በማግሥቱ ለመምህሬ ሁሉን ነገርኋቸው። እርሳቸውም አልተቆጡኝም። «የለወጥኸውን ሁሉ ወደ ነበረበት መልስ። ከዚያ ስሕተቱን ለማባረር ሳይሆን እንደገና ለማምጣት ሞክር። በፈለግኸው ጊዜ ልታመጣው የማትችለውን ስሕተት ልታርመው አትችልም» አሉኝ። ቀጥለውም «በማያ ገጹ ላይ ያየኸውን በትክክል ንገረኝ» አሉኝ። «ሰልፉ ባዶ ነው፤ ቍጥር 3» አልኋቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ያን ጊዜ ነቃሁ። ባዶ የሆነ ሰልፍ እንዴት ሦስት ሰው ይኖረዋል? ደግሞም በዚያ ጧት ለመጣው ልጅ የተሰጠው ወረቀት 4 ይላል፤ አራተኛ ከሆነ እንዴት ቀድሞ ወሰደ? ሁለት ምስክሮች ከዓይኔ ፊት ቆመው ሳለ እኔ አላየኋቸውም ነበር።

መምህራችንም ኮምፒውተሩን ትተን ወደ ሜዳው እንድንወጣ አዘዙ። ሰባት ተማሪዎች በባሕር ዛፎቹ ጥላ ሥር ተሰለፉ። እያንዳንዱ በስተኋላው የቆመውን በጣቱ እንዲያሳይ ተደረገ፤ ይህ «ቀጣይ» ነው። አንድ ልጅ «መሪ» ሆኖ ፊተኛውን፥ አንድ ልጅ «መጨረሻ» ሆኖ ሰባተኛውን በጣታቸው አሳዩ። እኔ የፕሮግራሙን መስመሮች አንድ በአንድ እያነበብሁ፥ እነርሱ ከተነበበው በቀር ምንም እንዳያደርጉ ተስማማን።

ሰባተኛውን ለመሰረዝ የተጻፈውን አነበብሁ። ስድስተኛው ጣቱን አወረደ፤ ከእርሱ ቀጥሎ ማንም የለምና ትክክል ነው። ቍጥር ከ7 ወደ 6 ወረደ፤ ይህም ትክክል ነው። መስመሮቹ አለቁ። ሰባተኛው ወደ ዛፎቹ መሄድ ጀመረ፤ «መጨረሻ» የሆነው ልጅ ግን ጣቱን እንደ ዘረጋ በዓይኑ ይከተለው ነበር። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ስሕተቴን አየሁት። «መጨረሻ» ወደ ስድስተኛው እንዲዞር የሚያዝ አንድም መስመር አልጻፍሁም።

ቀጥሎ እኅታችን የመጣችበትን መስመር አነበብሁ፤ «አዲሱ ተራኛ መጨረሻ ከሚያሳየው ሰው ኋላ ይቁም» ይላል። እርስዋ ራስዋ በዚያ ነበረችና ወደ ዛፎቹ ሄዳ ከሄደው ልጅ ኋላ ቆመች። «መጨረሻ» ወደ እርስዋ ዞረ። ስምንተኛው ከእርስዋ ኋላ፥ ዘጠነኛው ከስምንተኛው ኋላ ቆሙ። ስለዚህ በሜዳው ላይ ሁለት ሰልፍ ሆነ። አንደኛው ስድስት ሰው ያለበትና መሪ ያለው ነው፤ ሁለተኛው ከሄደ ሰው ኋላ የተሰለፉ ሦስት ሰዎች ያሉበትና ማንም የማይጠራው ነው። ቍጥር ሁሉንም አንድ ላይ ደምሮ 9 ይላል። ስድስቱ ሲያልቁ መሪ የሚያሳየው አጣ፤ ሰልፉ ባዶ ተባለ፤ አዲስ መጪም ያለ ከልካይ ፊተኛ ሆነ።

ከዚህ የባሰም አለ። በጃቫ ቋንቋ፥ ማንም የማይጠቁመው ዕቃ «ቆሻሻ» ይባላል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1959 ገደማ ጆን ማካርቲ ሊስፕ ለሚባለው ቋንቋ ያወጣው ነው። ቆሻሻ ሰብሳቢ የሚባል ሥራ አለ፤ ከሰልፉ ጀምሮ በጠቋሚዎች እየተመራ ሊደርስበት ያልቻለውን ሁሉ ከኮምፒውተሩ ትዝታ ይጠርጋል። ሰብሳቢው ክፉ አይደለም፤ እርሱ ባይኖር ትዝታው በማይጠቅም ነገር ይሞላ ነበር። ነገር ግን ስምንተኛው ተመዝግቦ «መጨረሻ» ወደ እርሱ ከዞረ በኋላ እኅታችንን የሚጠቁም የሄደው ሰው ብቻ ነበረ፤ የሄደውን ደግሞ የሚጠቁም የለም። ስለዚህ በሕጉ መሠረት እርስዋም ቆሻሻ ሆነች። በዚያ ማታ ስምዋን በሁሉም ፊደል ፈልጌ ማጣቴ አያስደንቅም። በዓለም ላይ የቀራት ምስክር በእጅዋ ያለችው ብጣሽ ወረቀት ነበረች።

እርማቱና ትምህርቱ

እርማቱ አጭር ነው። የሚሰረዘው ሰው መጨረሻው የሆነ እንደ ሆነ፥ «መጨረሻ» ከእርሱ በፊት ወዳለው ይዙር፤ ከፊቱ ማንም ከሌለ፥ ማለት በሰልፉ ውስጥ እርሱ ብቻ ከነበረ፥ መሪም መጨረሻም ማንንም አያሳዩ። ሁለት መስመር ብቻ ነው። ቀጥሎ ግን ከእርማቱ የሚበልጥ ነገር ጨመርሁ። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ፕሮግራሙ ከመሪው ጀምሮ ሰዎቹን ራሱ እየሄደ ይቆጥራል፤ ያገኘው ብዛት ከ«ቍጥር» ጋር ካልተስማማ፥ ወይም ኋለኛው ሰው «መጨረሻ» የሚያሳየው ካልሆነ፥ ሥራውን አቁሞ «ስሕተት አለ» ብሎ ይጮኻል። መሪን፥ መጨረሻንና ቍጥርንም ከ«ሰልፍ» ውጭ ማንም እንዳይነካቸው ዘጋኋቸው፤ ሕግ የሚጠበቀው በአንድ ቦታ ሲሆን ጥፋትም የሚፈለገው በአንድ ቦታ ነው።

አንድ ጓደኛዬ «ጃቫ የራሱ የተዘጋጀ ሰንሰለታዊ ዝርዝር እያለው ለምን ደከምህ?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ለሥራ ቢሆን የተዘጋጀውን መጠቀም ይሻላል። ለትምህርት ግን ጣቱን የዘረጋው ልጅ የሚያስተምረውን የተዘጋጀ ዕቃ አያስተምርም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በተለይ እናንተ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናና በሌላም መንገድ ይህን ሙያ የጀመራችሁ፥ ከዚህ ሦስት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፥ ስትፈትኑ ጫፍ ጫፉን ፈትኑ። እኔ መጀመሪያውንና መካከሉን ፈትኜ መጨረሻውን ተውሁት፤ አንድ ሰው ብቻ ያለበትን ሰልፍና ባዶውንም ሰልፍ አልፈተንሁም። ሁለተኛ፥ አትገምቱ፤ ስሕተቱን ደግማችሁ አምጡት፥ ከዚያ በእያንዳንዱ እርምጃ ምን እንደ ተለወጠ ተከታተሉ። ሦስተኛ፥ ወረቀት ይዞ የመጣውን ሰው ስሙት። ስምንተኛውና ዘጠነኛው ልጆች ጨርሰው አልጠየቁም ነበር፤ «ኮምፒውተር ካለው ይሁን» ብለው ተቀመጡ። እርስዋም እንደ እነርሱ ብትቀመጥ ኖሮ እኔ ዛሬም አይሳሳትም እያልሁ እኖር ነበር።

በእንግሊዝኛ የፕሮግራምን ስሕተት ተባይ ይሉታል። እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1947 በሐርቫርድ ማርክ ሁለት በሚባለው ኮምፒውተር ውስጥ እውነተኛ የእሳት ራት ተገኝታ በመዝገብ ላይ ተለጥፋለች፤ ቃሉ ግን ከዚያም በፊት ነበረ። የእሳት ራቷ ከውጭ ገባች፤ የእኔን ስሕተት ግን እኔ በገዛ እጄ ጻፍሁት። ትንሽ ናት ተብላ የምትናቅ ስሕተትም የለችም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 አሪያን 5 የተባለችው ሮኬት በተነሣች በ40 ሴኮንድ ያህል የጠፋችው፥ አንድ ትልቅ ቍጥር ወደማይበቃው ጠባብ ቦታ እንዲገባ በመታዘዙ ነው።

ከዚህ ሜዳ ቀና ብለን ስናይ እንጦጦን እናያለን። በዚያ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የምርምር ማዕከል አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ሕዋ የተላከችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መረጃ ትልክበትና ትእዛዝ ትቀበልበት የነበረው ጣቢያም የተሠራው በእንጦጦ ነው። ከመካከላችን አንዳንዱ ወደፊት በእንዲህ ያለ ቦታ ይሠራ ይሆናል፤ በሰማይ ያለች ሳተላይት ግን ወረቀት ይዛ መጥታ «እኔስ?» ብላ አትጠይቅም። በዚያው ዳገት ላይ እናቶች ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ይወርዳሉ፤ ያቺ እኅታችንም ጧት ጧት የምትመጣው ከዚያው ዳገት በእግርዋ ወርዳ ነው። ሁለቱ በአንድ ተራራ ላይ መሆናቸውን እንዳንረሳ እለምናችኋለሁ።

እርስዋ የሞዴል ፈተናውን ያለ መጽሐፍ ተፈተነች፤ ያን እኔ ልመልሰው አልችልም። መጽሐፉ በተመለሰ ጊዜ ግን የመጀመሪያው ተራ ለእርስዋ፥ ቀጥሎ ለሁለቱ ልጆች ሆነ። ይህንንም ንግግር ያደረግሁት በእርስዋ ፈቃድ ነው። ወረቀቷን እንድትሰጠኝ ጠይቄያት ሰጥታኛለች፤ በደብተሬ ሽፋን ውስጥ ለጥፌያታለሁ። ፕሮግራም ጨርሼ «ሠራ» ለማለት በተነሣሁ ቍጥር፥ ገልጬ 7ን አያታለሁ። ከዚያም መገናኛ ላይ እንደምንጠይቀው «መጨረሻው ማን ነው?» ብዬ እንደገና እጠይቃለሁ።